የበርበሬ ለቀማ ሙሾ

ባለፈው ኅዳር ፍኖተ ሰላም ላይ ዘጠነኛ ክፍሎችን ዘይቤ ሳስተምር፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ አንድ አይሱዙ ቆሞ የደረቀ በርበሬ መጫን ጀመረ። ሽታው በመስኮት ገባ። መጀመሪያ ከፊት ወንበር ያለችው ልጅ አነጠሰች፤ ቀጥሎ ረድፉ በሙሉ አነጠሰ፤ ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ። ሰሌዳው ላይ ስድስት የዘይቤ ዓይነቶችን በቁጥር ደርድሬ፣ ለእያንዳንዱ ትርጉምና ምሳሌ ጽፌ፣ ሰባተኛው ላይ ደርሼ ነበር። ሰባተኛው «መልስ የማይጠበቅበት ጥያቄ» ይላል። ትርጉሙን ጻፍኩ። ምሳሌው ላይ ጠመኔውን እንደያዝኩ ቆምኩ።

«ቲቸር፣ ምሳሌውስ?» አለ አንዱ።

«ነገ» አልኩ።

የሁሉም ዐይን በበርበሬው ቀልቶ ስለነበር የእኔን ማንም ልብ አላለውም። ሥርዓት እወዳለሁ፤ የዛሬን ትምህርት ለነገ አላሳድርም። ያንን ምሳሌ ግን እስካሁን አልሰጠኋቸውም።

ነገሩ የሆነ ጊዜ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ቤታችን ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ፣ የአንድ ሰዓት የእግር ጉዞ ላይ ነበር። ቤት ውስጥ ሦስት ነበርን፤ እናቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም ይሁኔና እኔ። አባቴን አላስታውሰውም። አጥር የሚለየን ቤት የታላቁ አጎቴ የአንማው ነበር፤ ያን ዓመት ግን በሩ በገመድ ታስሮ ነበር። አንማው ዓመት ቀደም ብሎ፣ በግጦሽ ድንበር በተነሣ ጠብ ተገድሏል። የገደለው ደጉ የሚባል የማዶ ጎጥ ሰው በዚያው ዕለት ቆላ ወርዶ ጠፋ። ፖሊስ እስኪደርስ ድረስ የአንማው ሬሳ ሜዳው ላይ ዋለ። ትልልቆቹ ስለዚያ ቀን ብዙ አውርተዋል፤ በልጅ ጆሮዬ የቀረው ግን «ሜዳ ላይ ዋለ» የሚለው ብቻ ነው። እንዴት አንድ ሰው እንኳን ሄዶ አላመጣውም እያልኩ አስብ ነበር።

ከዚያ ወዲያ መንደሩ በሙሉ አንድ ነገር ይጠብቃል። ይሁኔ የወንድሙን ደም ይመልሳል ወይስ ይታረቃል? ይህን አፉን ሞልቶ የሚናገር የለም። በወንዙ መውረጃ፣ በወፍጮ ቤት፣ ከቅዳሴ መልስ ይሁኔን የሚያይ ዐይን ሁሉ ግን የሚጠይቀው ይኸንኑ ነው። እኔ የምፈልገው አጎቴ ከቤት እንዳይወጣብኝ ነበር። የሚያሳድገኝ እሱ ነው፤ ደብተር የሚገዛልኝ እሱ ነው፤ ከእናቴ ጋር ስጣላ የሚያስታርቀኝም እሱ ነው።

በኅዳር በርበሬው ደረሰ። በርበሬ መልቀም በእኛ አገር የሴትና የልጅ ሥራ ነው። ወንድ ያርሳል፣ ይኮተኩታል፣ ለቀማ ላይ ግን እጁን አያስገባም። ያን ዓመት እናቴ ወገቧን ታማ ስለነበር ይሁኔ ጆንያ ታጥቆ ከጓሮ ያለው በርበሬ ውስጥ ገባ። እኔ በአንዱ መደብ፣ እሱ በሚቀጥለው እየሄድን እንለቅማለን። ቀይ ሆኖ ጫፉ ጠወልግ ያለውን ብቻ ነው የምንቆርጠው፤ አረንጓዴው ይቆያል። ጠዋት ጤዛ ስላለ አያቃጥልም። ፀሐይ ሲበረታ ጣት ይለበልባል፤ ረስቶ ዐይኑን ያሸ ሰው ወዮለት።

በአጥሩ የሚያልፉ ሴቶች ዝም አይሉትም።

«ይሁኔ! መቀነት እንላክልህ?»

«ላኩልኝ» ይላል ቀና ሳይል። «የጆንያውን አፍ አስርበታለሁ።»

«ኧረ ባል እንፈልግለት!»

«ሲገኝ አርሶ የሚያበላ ይሁን፤ ሰነፍ አላገባም።»

እነሱ እየሳቁ ያልፋሉ፤ እሱም ይስቃል። እኔ ከሁሉም በላይ እስቃለሁ። ከዚያ በፊት ወንድ ልጅ በሴቶች ቀልድ እንዲህ ሲስቅ አይቼ አላውቅም ነበርና፣ ጀግንነት የሚባለው ይህ ነው ብዬ ነበር።

የተለቀመው በርበሬ አውድማው ላይ ይሰጣል። ሲደርቅ ይለያል፤ የነጣውና የሻገተው ለብቻ፣ ደህናው ለብቻ። ለዚህ ሥራ ጎረቤታችን እሜቴ አንጓች ይመጡልን ነበር። ስለ እሳቸው ላስረዳ። በእኛ አገር ሰው ሲሞት ግጥም እየፈጠረች የምታስለቅስ ሴት ሙሾ አውራጅ ትባላለች። እሷ ሁለት ስንኝ ታወጣለች፤ የቀሩት ሴቶች ደረታቸውን እየደቁ ይቀበሏታል። እሜቴ አንጓች ከቡሬ እስከ ሽንዲ የሚጠሩ ሙሾ አውራጅ ነበሩ። ለቅሶ ከመድረሳቸው በፊት ስለ ሟቹ ይጠይቃሉ። በሬዎቹን ምን ብሎ ይጠራ ነበር? ሲቆጣ ምን ይላል? የት መቀመጥ ይወዳል? ያን ይዘው ሲገቡ የማያውቁትን ሰው የወለዱት ያህል ያለቅሱታል።

በርበሬ ሲለዩ እንባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል። እኔም ሙሾን የሚለማመዱት እንዲህ ነው ብዬ ደምድሜ ነበር፤ ተማሪ የቃል ጥናት እንደሚያጠና ሁሉ፣ እሳቸውም በርበሬ ፊት ተቀምጠው ማልቀስ ያጠናሉ። አንድ ቀን ይህንኑ ነገርኳቸው።

«ሞኝ!» አሉኝ፤ እስኪያስነጥሳቸው ሳቁ። «የለቅሶውስ እንባ ጠፍቶኝ አያውቅም። አሁን የሚጠፋኝ ቃሉ ነው።»

እውነታቸውን ነበር። ያን ዓመት መርሳት ጀምረዋል። ሙሾው መሐል ላይ ይሰወርባቸዋል። እኔ ደግሞ በየማታው ከትምህርት ቤት የተማርኩትን ካላስረዳሁ እንቅልፍ የማይወስደኝ ልጅ ነኝ። የአማርኛ መምህራችን መምህር ሽመልስ ከመራዊ የመጡ፣ ኮሌጅ በጨረሱ በዓመቱ የተመደቡልን ወጣት ነበሩ። ዘይቤዎችን በትልቅ ወረቀት ላይ በቀይና በሰማያዊ ጽፈው ግድግዳ ላይ ሰቅለውልን ነበር። ያንን ሁሉ ለእሜቴ አንጓች አመጣላቸዋለሁ።

«እሜቴ፣ የሞተውን ሰው ‹ተነሥ› ብለው የሚጠሩት እኮ እንቶኔ ዘይቤ ይባላል።»

«እንቶኔ? እንቶኔማ ስሙ የጠፋ ሰው ነው። የእኔ ሙቶች ስማቸው አይጠፋም።»

«አይ፣ እንደዚያ አይደለም። እዚህ የሌለን ሰው እንዳለ አድርጎ ማናገር ነው። ‹ተራራው አለቀሰ› ሲሉ ደግሞ ሰውኛ ነው።»

«ሲያለቅስ ሰምቼ ነዋ ያልኩት!» ይሉና በርበሬ ይወረውሩብኛል። «ይች የደብተር ልጅ! ስንቱን ቀብሬበት ስሙን ሳላውቀው።»

በኋላ ግን ስምምነት አደረግን። ለአንማው ሙት ዓመት ያዘጋጁትን ሙሾ በቃላቸው ይነግሩኛል፤ እኔ በቁጥር እየለየሁ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። ለቅሶው ቀን ከጉልበታቸው ሥር እቀመጣለሁ። ቃሉ ሲጠፋቸው ነጠላዬን ይስባሉ፤ እኔ መነሻውን በጆሯቸው እነግራለሁ። አሥራ አራት ሙሾ ጻፍኩ።

ሽማግሌዎቹ በዚያ ወር ሦስት ጊዜ መጡ። መሪያቸው የነፍስ አባታችን ቄስ መርሻ ነበሩ። በሦስተኛው ከኋላቸው የደጉ አባት አያ ፈንቴና ሁለተኛው ልጃቸው ስመኘው ተከትለዋል። ሽማግሌው አያ ፈንቴ ማጅራታቸው ላይ ትልቅ ድንጋይ ተሸክመዋል። አጥራችን በዚያ ሰሞን ፈርሶ ስለነበር ድንጋይ ያመጡልን መሰለኝ፤ ሮጬ ወጥቼ «እዚህ ያስቀምጡት» ብዬ የፈረሰውን ቦታ አሳየኋቸው። ማንም አልሳቀም። ስመኘው ብቻ ጎንበስ ብሎ «እሺ እህቴ» አለኝ። አውቀው ነበር። በክረምት ጥጃችን ማዶ ተሻግራ የጠፋች ጊዜ እየነዳ ከአጥራችን አፍ ያደረሰልን እሱ ነው፤ ደመኛ ስለሆነ ግን ግቢ አልገባም ነበር።

አያ ፈንቴ ከነድንጋያቸው ተንበረከኩ። ይሁኔ ከውስጥ ሳይወጣ ብዙ ቆየ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ወጣ፤ ድንጋዩን በሁለት እጁ ከማጅራታቸው አንሥቶ መሬት ላይ አስቀመጠው። እናቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ቄስ መርሻ «እግዚአብሔር ይስጥልን፤ እንግዲህ እሑድ ከሙት ዓመቱ ቀጥሎ ደሙን እናደርቃለን» አሉ። ደም ማድረቅ የእርቁ ስም ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ደጅ መሐላ ይደረጋል፣ ከዚያ በኋላ በሁለቱ ቤት መካከል በቀል የለም። እኔ ግን ያን ጊዜ የሆነ ቦታ የተቀመጠ ደም ያለ መሰለኝ። ወጥቶ እንደ በርበሬያችን አውድማ ላይ የሚሰጣ፣ ደመና ሲመጣ የሚሸፈን። እሑድ ዝናብ እንዳይዘንብ ጸለይኩ።

ቄስ መርሻ ሊወጡ ሲሉ በርበሬ ወደሚለዩት እሜቴ አንጓች ዞር አሉ።

«አንጓች፣ የሐሙሱ ሙሾሽ ይለዝብ። አደራ።»

«አውቃለሁ አባቴ። ይሁኔን እኔም አሳድጌዋለሁ።»

እኔ የተረዳሁት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲያለቅሱ ነው።

በዚያው ሳምንት መምህር ሽመልስ ስለ አሳማኝ ንግግር አስተማሩን። ሰውን ለማሳመን ማስረጃ መስጠት አንድ መንገድ ነው አሉ፤ ሁለተኛው ደግሞ መልስ የማይጠበቅበት ጥያቄ መጠየቅ ነው። «ሰው የነገርከውን ይረሳል» አሉ። «ራሱ የመለሰውን ግን አይረሳም። ስለዚህ ጠይቁት፤ መልሱን በልቡ ይመልስ።» የቤት ሥራውም በቅርብ ስለምናውቀው ሰው፣ በዓይነ ኅሊና የሚታይ ነገር ያለበትና በጥያቄ የሚያልቅ ሁለት ስንኝ መጻፍ ነበር።

በቅርብ የማውቀው ሰው ይሁኔ ነው። በዓይነ ኅሊናዬ የሚታየኝ በቀዩ በርበሬ መሐል ጎንበስ ብሎ ሲስቅ ነው። ጥያቄው ደግሞ ዓመት ሙሉ በሆዴ የነበረው ነው። እንዲህ ጻፍኩ፦

ወንድሙ ከጓሮ፣ በርበሬ ይለቅማል፤
ከሜዳ የቀረን፣ ማን ሄዶ ያመጣል?

ቀለሞቹን በጣቴ ቆጠርኳቸው፤ በየሐረጉ ስድስት ስድስት ናቸው። ቤት ይመታሉ። መምህር ሽመልስ አሥር ከአሥር ሰጡኝ። ከሥሩ በቀይ «እጅግ አሳማኝ!» ብለው ጻፉ። የመራዊ ሰው ናቸው፤ የቤታችንን ነገር አያውቁም። ግጥሙን ክፍል ውስጥ ያነቡልኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ደወሉ ተደወለና ሳይነበብ ቀረ።

ሐሙስ የአንማው ሙት ዓመት ሆነ። ዳሱ ከበሩ ፊት ተጣለ። የአንማው ጋቢ፣ ካፖርቱና ዱላው ወንበር ላይ ተደረደሩ፤ ለቅሶው የሚዞረው በዚያ ወንበር ዙሪያ ነው። ሴቶቹ ክብ ሠሩ። ወንዶቹ በአንድ ወገን ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ፤ ይሁኔ በመካከላቸው ነው። ጠዋት እንኳ ሁለት መደብ ለቅሞ ስለነበር ጣቶቹ ጫፍ ጫፉ ላይ ቀልተዋል።

እሜቴ አንጓች ተነሡ። አንደኛውን ሙሾ አወረዱ፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። የአንማውን በሬዎች በስማቸው ጠሩ። ከቡሬ የመጡት ጨርቅ ነጋዴው ሐጂና ባለቤታቸው ሳይቀሩ አለቀሱ። ስምንተኛው ላይ ድምፃቸው ተንጠልጥሎ ቀረ። ነጠላዬን ሳቡኝ።

እዚህ ላይ ነገሩን በትክክል መጻፍ አለብኝ። አልረሳሁም ነበር። ስምንተኛው ሙሾ እስከ ዛሬ በቃሌ አለ፦

አፈሩ ይቅለልህ፣ ወንድምህ አለልህ፤
በሬህን አጠጣው፣ እርሻህን ዘራልህ።

ደብተሩ ጭኔ ላይ ተከፍቶ ነበር፤ ስምንት ቁጥርን በዐይኔ አየሁት። ከዚያ ጎን ባለው ገጽ አሥር ከአሥር ያገኘሁበት ግጥም አለ። ያን ሁሉ ሰው አየሁ። ግጥሜ በእሳቸው ድምፅ ምን እንደሚመስል ለመስማት ፈለግሁ። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ጠጋ ብዬ «ወንድሙ ከጓሮ በርበሬ ይለቅማል» አልኳቸው።

ድምፃቸው መንገድ ላይ ነበርና ሳይመዝኑት አወጡት። ሴቶቹ ተቀበሉ። ከዚያ እሜቴ ዞር ብለው አዩኝ። ግንባራቸው ላይ አንድ ነገር ሲያልፍ ታየኝ፤ ሁለተኛው ስንኝ የጠፋባቸው መስሎኝ ቶሎ ብዬ ነገርኳቸው። የተጀመረ ሙሾ መሐል ላይ አይዋጥም፤ ክቡ ይጠብቃል። አሉት። «ከሜዳ የቀረን፣ ማን ሄዶ ያመጣል?»

ለቅሶው ተቀየረ። እንደ ልጅ የገባኝ ድምፁ መክበዱ ነው፤ ግጥሜ ስለሠመረ ነው ብዬ ደስ አለኝ። እሜቴ አንጓች ወዲያው «አፈሩ ይቅለልህ» ብለው የቀደመውን አነሡ፤ ሴቶቹ ግን አልተከተሏቸውም። «ማን ሄዶ ያመጣል» የሚለውን ይዘው ይመላለሱበታል፣ ደረት ይደቃሉ፣ እንደገና ይሉታል። ከወንዶቹ ወገን አንድ ሰው አሳለ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያሳለው። ይሁኔ እጆቹን ወደ ጋቢው ውስጥ አስገባ።

አሁን መምህር ስለሆንኩ የሁለቱን ሙሾዎች ልዩነት ማስረዳት እችላለሁ። የሚሉት ነገር አንድ ነው። ወንድም ቀርቷል፤ እርሻው ላይ ይሠራል። አንደኛው ይህን ለሙቱ ይነግረዋል፤ ሁለተኛው በሕያዋን ፊት ይጠይቃል። መልስ የማይጠበቅበት ጥያቄ ክፍል ውስጥ አለ። በደም ለቅሶ ላይ የለም። እዚያ ለተጠየቀው ሁሉ መላሹ ቆሞ ይሰማል።

ዓርብ ይሁኔ ለቀማ አልወጣም። መድረቅ የጀመረውን በርበሬ እኔና እናቴ ለቀምን። ቅዳሜ ጠዋት የአንማውን ካፖርት ለብሶ ከቤት ሲወጣ አጥሩ ጋ አገኘሁት።

«አያ፣ ገበያ ነው?»

«አዎ።»

«ምን ታመጣልኛለህ?»

 ራሴን በመዳፉ ነካ አደረገኝ፤ እጁ በርበሬ በርበሬ ይሸታል። «ሄጄ አመጣለሁ» አለ። ሸንኮራ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

ያገኘው ስመኘውን ነው። ስመኘው በወፍጮው መንገድ አህያዋን እየነዳ ይመለስ ነበር፤ ዱላ እንኳ አልያዘም። ለእሑዱ ድግስ እህል አስፈጭቶ ነው አሉ። አህያዋ ከነጭነቷ ብቻዋን ቤት ገባች፤ አያ ፈንቴም ያወቁት በዚያ ነው። የስመኘው ሞት ዜና እኛ ዘንድ ሲደርስ እናቴ የያዘችውን እንስራ አስቀመጠችና ከጎኑ መሬት ላይ ተቀመጠች። ይሁኔ በማግሥቱ ራሱ ሄዶ ለፖሊስ እጁን ሰጠ። ሊታረቁበት የነበረው እሑድ ነው። ፀሐይ ነበር፤ ዝናብ አልዘነበም።

እኛም እዚያ መቆየት አልቻልንም። ቡሬ ከተማ የእናቴ የአክስት ልጅ ቤት ልንጠጋ ዕቃችንን ስንጭን ቄስ መርሻ መጡ። እኛን አይደለም የፈለጉት። በአጥሩ ላይ ሆነው እሜቴ አንጓችን ጠሯቸው።

«አንጓች፣ አደራ አላልኩሽም?»

«ብለውኛል አባቴ።»

«ታዲያ አፍሽ ምን በላው? ሁለት ቤት አጠፋሽ እኮ!»

እኔ ከአህያው ጎን ቆሜያለሁ።  እሜቴ አንጓች ወደ እኔ አላዩም።

«እርጅና ነው አባቴ» አሉ። «ከእኔ አፍ ነው የወጣው። የእኔ ነው።»

ቄስ መርሻ መስቀላቸውን ሳያሳልሟቸው ሄዱ። ዙሪያውን የቆሙት ጎረቤቶች ሁሉ ፊታቸውን አዞሩባቸው። እኔ «የኔ ነው» ለማለት አፌን ስከፍት እሜቴ አንጓች እጄን ጭብጥ አደረጉት።

«ዝም በይ» አሉኝ በሹክሹክታ። «አንቺን ቢያውቁ እናትሽ ወንድሟንም ልጇንም አጣች ማለት ነው። ሂጂ።»

ሄድኩ። ያኔ ያዳኑኝ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ ለቅሶ የሚጠራቸው ጠፋ። የቀበሌው ሰው ሲሞት ከሩቅ ዳገት ላይ ተቀምጠው ብቻቸውን ደረታቸውን ሲደቁ አየናቸው ያሉ ነበሩ።

ቡሬ ትምህርቴን ቀጠልኩ። በአማርኛ ፈተና ሁሌም እንደ ቀድሞው አሥር ከአሥር ነበር የማገኘው። የተውኔት ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ስለ ድራማዊ ምጸት ተማርን። ተመልካቹ የሚያውቀውን መድረክ ላይ ያለው ሰው ሳያውቅ ሲናገር ማለት ነው። ትርጉሙን ደብተሬ ላይ ጽፌ፣ አስምሬበት፣ የዚያን ቀን ምሳዬን አልበላሁም።

በዚያው ዓመት ሚያዝያ እናቴ ይሁኔን ልንጠይቅ ወደ ፍኖተ ሰላም እስር ቤት ይዛኝ ሄደች። ዳቦና ቆሎ ይዘን ነበር። ጠያቂና እስረኛ በአጥር መሐል እየተጯጯሁ ያወራሉ። ይሁኔ ከስቷል፤ ጸጉሩን ተላጭቷል። ከእናቴ ጋር ስለ በሬዎቹ አወሩ። በመንገዱ ሁሉ ልነግረው ወስኜ ነበር፤ ግጥሙን እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ ስለ አንተ ደግነት ነው የጻፍኩት፣ ማንም አልሰደበህም ልለው። እናቴ ዳቦውን ልታስፈትሽ ወደ በሩ ስትሄድ ወደ አጥሩ ተጠጋሁ። እሱ ቀደመኝ።

«ትርንጎ፣ መጻፊያ ይዘሻል?»

«ይዣለሁ።»

«ያችን የእሜቴ አንጓችን ጻፊልኝ። መጀመሪያዋን ይዣታለሁ፤ ሁለተኛዋ እየጠፋችብኝ ነው። እዚህ ማንበብ የሚችል ልጅ አለ፤ በየጊዜው ያነብልኛል።»

«አያ…»

«እንዳትረሽው ብዬ እኮ ነው። አንች ጉልበታቸው ሥር ነበርሽ።»

ጻፍኩ። ስጨርስ አነበብኩለት። በልቡ እየደገመ ራሱን ነቀነቀ።

«እሜቴን እግዜር ይስጥልኝ በያቸው» አለ። «እሳቸው ባያስታውሱኝ ኖሮ እኔ ዛሬም በርበሬ እለቅም ነበር።»

 ዛሬም በርበሬ ቢለቅም ብዬ ሌሊቱን ሁሉ የማለቅሰውን እሱ እንደ ውርደት ይናገረዋል። እኔ ነኝ ብዬ ብነግረው የቀረችውን አንዲት ነገር እነጥቀዋለሁ፤ ባልነግረው ደግሞ በውሸት ላይ ተደግፎ ይኖራል። የትኛው እንደሚሻል አላወቅሁም። አሁንም አላውቅም። «እሺ» አልኩት።

ከጎኑ አንድ ወጣት እስረኛ ቆሞ ይሰማን ነበር። አጥሩን በሁለት እጁ ይዞ ጎንበስ አለልኝ።

«እህት፣ ለእኔም አንድ ጻፊልኝ፤ በግንቦት እወጣለሁ።» አለኝና ጨመረ። «የኔም ወንድም ሜዳ ላይ ነው የቀረው።»

ይሁኔን አየሁት። «ጻፊለት እንጂ» አለኝ።

ከደብተሬ ሌላ ወረቀት ቀደድኩና ያንኑ ጻፍኩለት።